«ልጄ፣ መብራቷ ጠፋች?»

አባዬ ሲደውልልኝ ሰላምታው ሳያልቅ «ልጄ፣ መብራቷ ጠፋች?» ይላል። ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ነበር። እኔም ስምንት ወር ሙሉ «ጠፍታ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ በራች» ስለው ከረምኩ። ይሄን ስለው ትንሽ ዝም ይላል። ዝም ሲል እያሰበ እንደሆነ አውቃለሁ።

መብራቷ ቼክ ኢንጅን የምንላት ናት። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ቅርጽ ያላት ቢጫዋ። ስለሷ ልጽፍ የተነሳሁት ብዙዎቻችሁ መኪና ውስጥ አሁንም በርታ እንዳለች ስለማውቅ ነው። የሰው መኪና ውስጥ በገባሁ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ዳሽቦርዱ ላይ ሆኗል። ስንቱ ላይ በርታ አገኛታለሁ። «ይቺ ምንድን ናት?» ስል «እሷማ ከድሮም አለች» ይሉኛል። እኔም እንደዛ ማለት ልጀምር ትንሽ ነበር የቀረኝ።

መኪናዬ 2005 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ ባለ 1.8 ሞተር። አባዬ ከ20 ዓመት በላይ ላዳ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፣ ላዳዋን ሸጦ ያጠራቀመውን ጨምሮ የገዛት ናት። ጉልበቱን ሲያመው ቁልፉን ለኔ ሰጠኝ። ስለዚህ ለኔ ዝም ብላ ብረት አይደለችም። ደግሞም እውነቱን እንነጋገር፣ ይቺ መኪና ዛሬ ብትበላሽብኝ ሌላ የምገዛበት አቅም የለኝም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው። በ2016 ጥር ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከነጭራሹ እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። እዛው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል የመለዋወጫውም ዋጋ አብሮ ወጣ። ኤሌክትሪክ መኪና መግዛት የሚችል ይግዛ፣ ጥሩ ነገር ነው። ሌሎቻችን ግን ያለችንን አሮጌ መኪና እንደ ዓይናችን ብሌን መጠበቅ አለብን። ለዚህ ነው አንዲት ትንሽ ቢጫ መብራት ስምንት ወር እንቅልፍ የነሳችኝ።

መጀመሪያ የበራችው ጥቅምት 2017 ላይ ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባልለት ብርድ ነበር። ከአያት ወደ ሜክሲኮ ሥራ ልገባ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወጣሁ። ገና ሲኤምሲ ሳልደርስ ብልጭ አለችና በርታ ቀረች። መኪናዋ ምንም አልሆነችም። ድምጿ ያው ነው፣ ጉልበቷ ያው ነው። ጠዋት ጠዋት ሳስነሳት ትንሽ መንቀጥቀጥ ጀምራ ነበር፣ እሱንም ብርዱ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ይሄን መንቀጥቀጥ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ መሥሪያ ቤቴ አጠገብ ወዳለ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ኮፈኑን ከፈተ፣ የባትሪውን አንድ ራስ ፈታ፣ ትንሽ ጠበቀ፣ መልሶ አሰረው። ሞተሩን ሳስነሳ መብራቷ የለችም። «አለቀ እህቴ» አለኝ። 300 ብር ከፈልኩና ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ እዛው ሲኤምሲ ጋ፣ ተመለሰች።

አሁን ሲገባኝ ያ ልጅ ያደረገው ነገር ጥገና አይደለም። የኮምፒውተሩን ማስታወሻ ነው ያጠፋው። የመኪናው ኮምፒውተር ችግር ሲያይ ኮድ ይመዘግባል። ብዙዎቹን ኮዶች ደግሞ በአንድ ጉዞ አያምንባቸውም፣ በተከታታይ ሁለት ጉዞ ላይ ያንኑ ችግር ሲያገኘው ነው መብራቷን የሚያበራት። ስለዚህ ስታጠፉት ከዜሮ ይጀምራል፣ ሁለት ሦስት ቀን ፋታ ታገኛላችሁ፣ ከዛ ያው ነው። የሚያናድደኝ ፋታው አይደለም። ኮዱ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ አብሮ አንድ ፎቶ የሚመስል ነገር ያስቀምጣል፣ ፍሪዝ ፍሬም ይሉታል። በዛች ቅጽበት የሞተሩ ውሃ ስንት ዲግሪ ነበር፣ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞር ነበር፣ መኪናው በምን ፍጥነት ይሄድ ነበር፣ ይሄን ሁሉ ይይዛል። ባትሪው ሲፈታ ኮዱም ያ መረጃም አብረው ይሄዳሉ። ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ካርዳችሁን ሳያነብ ቀዶ ቢጥለው ማለት ነው። እኔ መኪና ላይ ይሄ ነገር ሦስት ጊዜ ተደርጓል።

ሁለተኛው ጋራዥ የተሻለ መሰለኝ፣ ኮምፒውተር ነበራቸውና። ከመሪው ሥር ያለችው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ ሰኩና አነበቡ። ኮዱ ፒ0171 ነው። ልጁ ወዲያው «ኦክስጅን ሴንሰር ነው፣ ይቀየር» አለ። ዋጋው 9,000 ብር። ከደመወዜ ስንት እንደሆነ ልተወውና፣ ከፈልኩ። ተቀየረ። ኮዱ ጠፋ። ሳምንት ያህል ሰላም ሆንኩ። ከዛ በራች።

እዚህ ጋ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው እዚህ ጋ ነው። ፒ0171 ማለት «ኦክስጅን ሴንሰር ተበላሽቷል» ማለት አይደለም። «የሚቃጠለው ድብልቅ ውስጥ አየሩ በዝቷል፣ ቤንዚኑ አንሷል» ማለት ነው። የቤንዚን ሞተር በደንብ እንዲያቃጥል ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ኦክስጅን ሴንሰሩ ጭስ መውጫው ላይ ተቀምጦ ሳይቃጠል የተረፈውን ኦክስጅን ያያል። በዝቶ ሲያገኘው ለኮምፒውተሩ ይናገራል። ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል። አሁንም አልበቃም ይባላል፣ ይጨምራል። የሚጨምርበት ልክ ሲያልፍ «እኔ በቃኝ፣ ሰው ይየኝ» ብሎ መብራቷን ያበራል። እንግዲህ ሴንሰሩ እውነቱን ሲናገር የኖረ ነው። ቀየርነው፣ አዲሱም መጥቶ ያንኑ እውነት ተናገረ። ኮዱ የበሽታውን ምልክት ነው የሚነግራችሁ። የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይነግራችሁም። ያንን መፈለግ የሰው ሥራ ነው።

ተመልሼ ሄድኩ። ያው ልጅ «እንግዲህ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ነው፣ እዚህ አገር እንዲህ ያደርጋል» አለኝ። ይሄንን ለአባዬ ስነግረው ድምፁ ተቀየረ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው፣ አየሩም ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ይሄ እውነት ነው። ግን አየር ሲሳሳ ቤንዚኑ ነው የሚበዛው እንጂ የሚያንሰው አይደለም። አባዬ ይሄን በእጁ ያውቀዋል። ከቆላ የመጣ ካርቡሬተር ያለው መኪና እዚህ ሲደርስ ጥቁር ጭስ ያጨስ ነበር፣ በካቻቢቴ እየነካካ ያስተካክለው ነበር። ኮሮላዋ ላይ ደግሞ የሚገባውን አየር በክብደቱ የሚለካ ሴንሰር አለ፣ ከፍታውን እሱ ያውቀዋል። ስንቱ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ መብራት ሳይበራበት ይነዳ የለ እንዴ።

ሦስተኛው ጋራዥ ላይ የተነገረኝ ከሁሉም የባሰ ነው። የዓመት ምርመራ ደርሶ ነበር። ልጁ ሳቅ ብሎ «አምፖሏን ላውጣልሽና ቦሎሽን አውጪ» አለኝ። ዳሽቦርዱ ላይ ጥቁር ፕላስተር የለጠፈበትን ሌላ መኪናም አሳየኝ። ጥፍር የምታክል ፕላስተር ናት፣ ጠርዟ ከአቧራ ጋር ተጣብቃ ጠቁራለች፣ ከሥሯ ቢጫው ብርሃን በቀጭን መስመር ይወጣል። የመኪናው ባለቤት ማታ ማታ ያንን መስመር እያየ ነው የሚነዳው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል የሰማሁት ልጅ ሆኜ ነው፣ ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። እምቢ ብዬ ወጣሁ።

መብራቷን መደበቅ ለምን እንደሚያስፈራኝ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ መብራቷ አንድ ናት፣ ችግሩ ግን መቶ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ድሮ በበራች መብራት ላይ አዲስ ችግር ቢጨመር የምታውቁበት መንገድ የለም፣ ቀድሞም በርታ ነበረቻ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ብልጭ ድርግም የምትልበት ጊዜ ነው። ቼክ ኢንጅን ዝም ብላ ስትበራና ብልጭ ድርግም ስትል አንድ አይደለም። ብልጭ ድርግም ካለች አንዱ ሲሊንደር በትክክል እያቃጠለ አይደለም ማለት ነው፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ሄዶ እዛ ይቃጠላል፣ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር አግሎ ያበላሸዋል። ያኔ ነዳጅ መርገጡን ቀንሳችሁ፣ ዳር ይዛችሁ መቆም ነው። ብዙ ጊዜ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጡት ካንዴላ ወይም ኮይል ናቸው፣ በጊዜ ከተያዘ ቀላል ነው።

ቀይ መብራት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የዘይት ጣሳ የምትመስለው ቀይዋ ከበራች ቤቴ ልድረስ የሚባል ነገር የለም። ሞተሩን አጥፉት። የሰፈራችን ሰው «ሁለት ኪሎ ሜትር ናት የቀረችኝ» ብሎ ነድቶ፣ ሁለቱን ኪሎ ሜትር ሳይጨርስ ሞተሩ ተጣብቆ አልዞር አለው። የሙቀቷም ቀይ እንደዛው። ቢጫ ጊዜ ይሰጣችኋል፣ ቀይ አይሰጥም።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ከሆነ ይቺን ያዙ። ቁልፉን አዙሩትና ሞተሩን ሳታስነሱ አቁሙት። ቼክ ኢንጅን፣ ዘይት፣ ባትሪ፣ ኤርባግ፣ ሁሉም መብራት አለባቸው፣ አምፖላቸው መሥራቱን መኪናው ራሱ የሚያሳያችሁ በዛች ሰከንድ ነው። ከዛ ስታስነሱት ይጠፋሉ። ቁልፉ ሲዞር ቼክ ኢንጅን ጭራሽ ካልበራች ወይ አምፖሏ ተቃጥሏል፣ ወይ አንድ ሰው ነክቷታል። ሻጩ ምንም ቢምል ያንን መኪና ኮምፒውተር ሳታስነብቡ ገንዘብ አትቁጠሩ። ደግሞ መብራቷ በደንብ ጠፍታ ኮምፒውተሩ ላይ «ምርመራዬን ገና አልጨረስኩም» የሚል ከመጣ፣ ብዙ ጊዜ በቅርቡ አጥፍተውታል ወይም ባትሪውን ፈትተውታል ማለት ነው።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። መጋቢት ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠፋች። ማንም ሳይነካት። ሙቀቱ የበረታበት ጊዜ ነበር። ዳነች ብዬ ለአባዬ በደስታ ነገርኩት። ሰኔ ሲገባ፣ ዝናቡና ብርዱ ሲጀምር፣ ተመለሰች። ያን ቀን ስነግረው እንደ ልማዱ ዝም አለ። ከዛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ልጄ፣ የምትበራው ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት?»

ስምንት ወር ሙሉ ሦስት መካኒክ አይቷታል። ይሄን አንዳቸውም አልጠየቁኝም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። አሰብኩት። ሁሌ ጠዋት ነው። ሁሌ ሲኤምሲ ሳልደርስ ነው። አንድም ቀን ከሥራ ስመለስ መብራት ጀምራ አታውቅም።

«እንግዲያው ጻፊው» አለኝ። ላዳዋን ሲነዳ የመኪና ደብተር ነበረው፣ ዘይት የቀየረበትን፣ ጎማ የለወጠበትን፣ የሰማውን ድምፅ ሁሉ ይጽፍ ነበር። ያቺን ደብተር ልጅ ሆኜ የሂሳብ ቤት ሥራ ስሠራባት አስታውሳለሁ፣ ጀርባዋ የቤንዚን ሽታ ነበረው። እኔም አንድ ደብተር ገዛሁና ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩ። ሁለት ሳምንት ጻፍኩ። ስንት ሰዓት አስነሳሁ፣ ውጪው ብርድ ነው ሙቀት፣ ሌሊቱን ስንት ሰዓት ቆማ አደረች፣ ቤንዚኑ ስንት ነው፣ ስትነሳ ተንቀጠቀጠች ወይስ አልተንቀጠቀጠችም። ከዛ ደግሞ የአውራ ጣት የምታክል ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የምትገናኝ ኮድ ማንበቢያ ገዛሁ። (ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የቆዩ ቪትዞች ላይ ሁሌ አትሠራም፣ ከመግዛታችሁ በፊት መኪናችሁ ላይ ሞክሩት።) ለማንበብ ብቻ። ማጥፊያውን ቁልፍ አልነካሁትም።

የደብተሩ ነገር ግልጽ ነበር። የምትንቀጠቀጠው ሌሊቱን ቆማ ስታድር ነው። ከምሳ በኋላ ሳስነሳት አንድም ቀን አልተንቀጠቀጠችም። የበራችባቸው ሁለቱም ቀናት ጠዋት ናቸው።

አባዬ ድሮ ላዳውን ይሠሩለት ወደነበሩ ሰውዬ ላከኝ። ጋራዣቸው ጎፋ አካባቢ ነው፣ ሦስት መኪና የምትይዝ ግቢ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ነው፣ ታብሌት ይዘው ነው የሚሠሩት። ደብተሬን ሰጠኋቸው። ቁጭ ብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ሁለቱንም ሳምንት አነበቡት። መኪናዋን አልነኳትም። ከዛ ሰክተው ፍሪዝ ፍሬሙን አወጡ። ውሃው ገና ሞቆ ሳያልቅ፣ መኪናዋ ቆማ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ስትሠራ ነው የተመዘገበው። «ማን ይሄን ሳያጠፋብሽ አቆየልሽ?» አሉኝ። «እኔ ነኝ ጋሼ» አልኳቸው። «ጎበዝ። በይ አሁን ትደር። ሞተሯ ሳይነሳ ማየት አለብኝ። ነገ አሥራ ሁለት ተኩል ነይ።»

በማግስቱ ጠዋት ገና ጭጋጉ ሳይነሳ ደረስኩ። መጀመሪያ ሞተሩን ሳያስነሱ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሷቸው፣ ቱቦዎቹን የሚያስሩትን ፋሸታዎች ነካኩ፣ አየር ማጣሪያውን ከፍተው አዩ። ደህና ነው። ከዛ አስነሷት። ተንቀጠቀጠች። ታብሌቱ ላይ አንዲት ቁጥር አሳዩኝ፣ ኮምፒውተሩ ከልኩ በላይ ምን ያህል ቤንዚን እየጨመረ እንደሆነ የምትናገር። በሚኒሞ ላይ 27 ከመቶ ትላለች። ነዳጅ ሰጡት፣ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ጊዜ ሲዞር ቁጥሯ ወረደች፣ 6 ሆነች። «አየሽ» አሉኝ፣ «የቤንዚን ፓምፕ ቢደክም ወይም ፊልትሮው ቢዘጋ ነዳጅ ስሰጠው ይብስበት ነበር። ይሄ ግን ተሻለው። ስለዚህ የሆነ ቦታ ሳይለካ የሚገባ አየር አለ። ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ያቺ ትንሽ ቀዳዳ ከቁጥር አትገባም፣ በሚኒሞ ሲሠራ ግን ትከብደዋለች።»

ስምንት ወር የፈለግኩት ማብራሪያ ይሄ ነበር። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ከዛ የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ አመጡ። የእሳት ማጥፊያውን እግራቸው ሥር አስቀመጡ። (እናንተ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት፣ የጋለ ጭስ ማውጫ ወይም ብልጭታ ካገኘው ይቀጣጠላል። እሳቸውም በጥንቃቄ፣ በጥቂቱ ነው ያደረጉት።) አንዱ ቱቦ ጋ ትንሽ ረጩበት፣ ምንም የለም። ሌላው ጋ፣ ምንም። አየር ማስገቢያው፣ ማኒፎልድ የሚሉት፣ ከሞተሩ ራስ ጋር የሚጋጠምበት መስመር ላይ ሲደርሱ ድምጿ ተለወጠ። መንቀጥቀጧ ለአፍታ ቆመ፣ ሞተሯ ጸጥ ብሎ ዞረ፣ ተመልሶ ተንቀጠቀጠ። ደገሙት። እንደገና ያው። ስፕሬዩ በቀዳዳው ገብቶ እንደ ነዳጅ ተቃጠለላት።

«አሁን እንጠብቅ» አሉ። ሻይ አዘዙ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተን ሞተሯ ሲሞቅ እዛው ቦታ ላይ ደግመው ረጩ። ምንም። ድምጿ ንቅንቅ አላለም። ቁጥሯም ወርዳለች። ሲሞቅ መጋጠሚያው መሃል ያለው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ያብጥና ቀዳዳውን ይዘጋዋል። ለዚህ ነው ምሳ ሰዓት ላይ ሞተሯ ግላ ያዩዋት መካኒኮች ሁሉ ምንም ያላገኙት። ቢፈልጉም አያገኙትም ነበር። ለነገሩ አልፈለጉም።

ማኒፎልዱን ሲያወርዱት አሮጌውን ጋስኬት እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። የድሮ መካኒኮች ጓርኒሲዮን የሚሉት ነው። ከጎኑ ሶማሌ ተራ ሄጄ የገዛሁትን አዲሱን። ቀለማቸው ብዙም አይለያይም። ግን አዲሱን በጥፍሬ ስጫነው ገባ ብሎ ይመለሳል። አሮጌውን ስጫነው ጥፍሬ ተንሸራተተ። ጠፍጥፎ እንደ ደረቀ ቆዳ ሆኗል፣ አንደኛው ቀዳዳ ዙሪያ ላይ አየሩ የሄደበት ቀጭን ጥቁር መስመር አለው። ለዚህ ነው 9,000 ብር ሴንሰር የገዛሁት። ጋስኬቱ 1,400 ብር ነው።

ይሄን የምጽፈው መካኒኮችን ለመስደብ አይደለም። የጋራዥ ልጆች ብዙዎቹ ያለ ማሠልጠኛ፣ ከሰው እያዩ የተማሩ ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ደግሞ ቶሎ ጨርሱልኝ የሚል ደንበኛ ነው የሚጮህባቸው። እኔም ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ «ቶሎ በልልኝ፣ ወደ ሥራ መግባት አለብኝ» ብያለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ግን መኪና ስንሰጣቸው መጠየቅ የምንችለው ነገር አለ። ኮዱን ሳያጠፉ እንዲያነቡልን። ቁጥሩን በወረቀት እንዲጽፉልን። «ይሄን ዕቃ ለመቀየር ምን ለክተህ ነው?» ማለት። የለካ መካኒክ በዚህ ጥያቄ አይቆጣም፣ እንዲያውም ደስ ብሎት ያሳያችኋል። እኚህ ሰውዬ ያሳዩኝ እኔ ሳልጠይቃቸው ነው።

ሥራው ሲያልቅ መብራቷ አሁንም በርታ ነበር። አጥፉልኝ አልኳቸው። «አላጠፋትም» አሉ። «ድናለች ካልኩሽ ኮምፒውተሩ ራሱ ይመስክር። ሦስት ጊዜ በደንብ ተነድታ ችግሩን ካጣው ራሱ ያጠፋታል። ካልጠፋች ገንዘብሽን መልሼ እሰጥሻለሁ።»

የመጀመሪያው ጠዋት አስነሳኋት። አልተንቀጠቀጠችም። መብራቷ በርታለች። ሁለተኛው ቀን ዝናብ ነበር፣ ብርድ፣ በርታለች። ሦስተኛው ቀን እንደዛው። በአራተኛው ቀን ከቤት ስወጣ ገና ጨለም ብሎ ነበር። ቁልፉን ሳዞር ሁሉም መብራቶች በሩ፣ እሷም አብራ። አስነሳሁ። ዘይቷ ጠፋች፣ ባትሪዋ ጠፋች፣ ኤርባጓ ትንሽ ቆይታ ጠፋች። ቢጫዋን አየኋት። የለችም። ሞተሯ ጸጥ ብሎ ይዞራል። እጄን ከመሪው ላይ ሳላነሳ ትንሽ ቆየሁ። ሲኤምሲን አለፍኩ። የለችም። መገናኛ፣ የለችም።

ሥራ ቦታ ስደርስ ቀድሜ ደወልኩለት።

«አባዬ፣ ጠፋች። ማንም ሳይነካት።»

«ጠዋት ነው? ሞተሯ ቀዝቃዛ ሳለ?»

«ጠዋት ነው። ዝናብም አለ።»

ዝም አለ። እያሰበ ነው።

«በይ ነገም ጠዋት ደውይልኝ።»